የ3 ወንበር ጉድለት

ካዛንቺስ ውስጥ ከ2017ቱ ፈረሳ በተረፈች ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንከራከር፣ አንድ ጓደኛችን ጠረጴዛውን መታና «የኤርትራን ፌዴሬሽን የገደሉት ንጉሡ ብቻ ናቸው!» አለ። ተጨበጨበለት። እኛ አላጨበጨብንም። ንጉሡን ነፃ ልናወጣ ፈልገን አይደለም፤ የሳቸው እጅ እንዳለበት እናውቃለን። ግን ጥፋቱን ሁሉ አንድ ዘውድ ላይ ጭኖ ሻይ መጠጣት በጣም ይቀላል።

እስቲ ወደ መጋቢት 1944 ዓ.ም. እንመለስ። ጣልያን ከተሸነፈ 11 ዓመት ሆኖታል፤ ኤርትራን የሚያስተዳድረው እንግሊዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት (ያው ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ካዛንቺስ አጠገብ ያለው) በኅዳር 1943 በወሰነው መሠረት የምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። አስመራና ምጽዋ ላይ በቀጥታ ተመረጠ፤ በሌላው ቦታ ግን መንደሩ ወኪል መረጠ፣ ወኪሉ ደሞ እንደራሴውን። ሴቶች አልመረጡም። ከ68 ወንበር የአንድነት ፓርቲ 32 አገኘ፤ ተቃዋሚው የዴሞክራሲ ግንባር 18። አንድነት ለብቻው ለማስተዳደር 3 ወንበር ጎደለው።

ጉድለቱን የምዕራባዊ አውራጃ ሙስሊም ሊግ ሞላለት። ተድላ ባይሩ የአስተዳደሩ የበላይ፣ ዓሊ ረዳኢ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ማስተዳደሩን አንንቅም፤ ከዚያ ሁሉ የሽፍታ ሽብር በኋላ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ሥልጣኑን ሲካፈሉ፣ ሥልጣኑን ከነጣቂ ስለ መጠበቅ ማን አሰበ? መስከረም 5 ቀን 1945 ፌዴሬሽኑ ሲጀመር እኮ አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ሕጋዊ ፓርቲ አልነበረም! ፓርቲ የማያውቅ ዘውድ ፓርቲ ያለውን ምክር ቤት እስከ መቼ ይታገሠዋል? ይህን ለመጠየቅ ነቢይ መሆን አያሻም ነበር።

በ1947 ተድላም ዓሊ ረዳኢም ከወንበራቸው ወረዱ። ፌዴሬሽኑ ገና 3 ዓመት አልሞላውም። በ1951 የኤርትራን ባንዲራ ለማውረድ ድምፅ የሰጠው ራሱ የኤርትራ ምክር ቤት ነው። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስም የመፍረሱ መግለጫ የተነበበው በዚያው ምክር ቤት ነው። የተከተለውን የ30 ዓመት ጦርነት ለማንም መንገር አያስፈልገንም፤ ያላዘነ ቤት የለም።

ጓደኛችን የንጉሡን እጅ አይቷል። የእንደራሴዎቹን ድምፅ ግን አልቆጠረም። መልስ ካለው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን፣ ወረቀት ካልጠፋ።