ሁለተኛ ዲስክ ለአሮጌው ኮምፒዩተር

«አሮጌ ኮምፒዩተር ምን ይሠራል? ሸጦ ላፕቶፕ መግዛት ነው እንጂ!» የሚል አነጋገር በተማሪው ዘንድ ተለምዷል። በስንት እንደሚሸጥና በማን ገንዘብ እንደሚገዛ ግን ተናጋሪው አይነግረንም። በበኩሌ፣ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ በቤተሰቡ ቤት ያረጀ ዴስክቶፕ ላለው ወንድም ወይም እኅት የምመክረው ሳጥኑን ከፍቶ ሁለተኛ ሀርድ ዲስክ እንዲጨምርበት ነው።

ሥራው እንደሚወራው የመሐንዲስ ሥራ አይደለም። ገመዱን ከመብራት ነቅሎ፣ በጣት ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የሳጥኑን ብረት ነክቶ፣ ዲስኩን በካቻቢቴ ማሰር ነው። ኮምፒዩተሩ ሳታ የሚባለው ዓይነት ከሆነ አንድ ቀጭን የመረጃ ገመድና አንድ የኃይል ገመድ ይበቃል። ከዚያ የቀደመው አይ.ዲ.ኢ. ከሆነ ግን ሁለት ዲስኮች አንድ ሰፊ ገመድ ስለሚጋሩ፣ ጃምፐር በምትባለው ትንሽ መሰኪያ አንዱን ጌታ ሌላውን ሎሌ ማድረግ ያስፈልጋል (ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም)። አዲሱ ዲስክ በዊንዶውስ ባይታይ «ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ሻጩ መሮጥ አይገባም፤ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ማዘጋጀት ይቀራል። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ፎርማት ከማድረግ በፊት ውስጡን ማየት ነው። ፍጥነት የሚሻም ኤስ.ኤስ.ዲ. ገዝቶ ዊንዶውሱን እዚያ ይጫን፤ አሮጌው ማከማቻ ይሁን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? አይ.ቢ.ኤም. በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሀርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ ሽማግሌ በአዊኛ ለአንድ ሰዓት የተረኩት ተረት ቢቀረጽ ከዚያ ይበልጣል። ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአዊ ፈረሰኞች በዓል ቀርጸን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ጽፈን፣ ሁሉንም የምናምነው ለአንዲት ፍላሽ ነው፤ እርሷም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየዞረች ቫይረስ የምትሰበስብ ናት!

«ቴሌግራም ላይ አስቀምጠዋለሁ» የሚሉም አሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ፋይሉ ምናልባት በቦታው ነበር፤ ባለቤቱ ግን አይደርስበትም ነበር።

ይሁንና አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ፋይልን ከመጀመሪያው ዲስክ ወደ ሁለተኛው ማዛወር ቅጂ መያዝ አይደለም፤ በሁለቱም ላይ መኖር አለበት። ሁለቱ ዲስኮች ደግሞ በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ መብራት የሚጠጡ ናቸውና፣ ኃይል ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ የእንጅባራው ልጅ ሦስተኛ ቅጂውን ዳንግላ ላለ ጓደኛው ይስጥ፤ የዳንግላውም ለእንጅባራው።

ማኅበራችንም አንድ ካቻቢቴ፣ ጥቂት የሳታ ገመዶችና ዲስክን በዩ.ኤስ.ቢ. የሚያገናኝ አንድ መሣሪያ ገዝቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪው እንዲገለገልበት ቢያደርግ ምን ያግደዋል? በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ጥያቄ በአጀንዳ እንዲያዝ አሳስባለሁ።