ለብር አንድ ቁጥር፣ ለነፍስ ስንት ቁጥር?

"ድረሱልኝ!" ብሎ የጮኸን ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ በእኛ አገር ነውር ነው። ነውር ብቻም አይደለም፣ ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎት ያለፈውን ይቀጣል። ጥሩ ሕግ ነው፤ አንቃወምም። ግን አንድ ጥያቄ አለን። መንገደኛው ጥሎ ካለፈ ይቀጣል። ስልኩ እየጮኸ ያላነሣው መሥሪያ ቤትስ? እሱን ማን ይጠይቀዋል?

እስቲ ቁጥሮቹን እንቁጠራቸው። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ላይ እሳት ሲነሣ 939። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ 8335 ተጨመረ። ቤቱ የሚነድ፣ ሚስቱ ደም የሚፈሳት ሰው ቆሞ "የቱ ነበር?" እያለ ቁጥር ያስታውስ ማለት ነው። አይ የኛ ነገር!

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ *127# ነው፤ ቦሌም ጉና ተራራ ሥርም ያው አንድ ነው። የቴሌ ደንበኞች አገልግሎትም 994 ነው፤ የትም አይለወጥም። ስለዚህ "አንድ ቁጥር ለመላ አገሪቱ አይቻልም" የሚለን ቢኖር አናምነውም። ለብር ሲሆን ተችሏል። ለነፍስ ሲሆን ነው ያልተቻለው።

ነገሩን ወደ ደቡብ ጎንደር ወስደን እንየው። ደብረ ታቦር ትልቅ ሆስፒታል አላት። ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው ዋና መንገድም በመካከሏ ያልፋል። ግን የእስቴና የስማዳ፣ የእብናትና የታች ጋይንት ገበሬ ሁሉ መንገድ ዳር አልሰፈረም። አንዲት ወላድ ከዋናው መንገድ ርቃ፣ ገደል ተሻግራ ካለች ቀበሌ በሌሊት ምጥ ያዛት እንበል። ልጁ ወጣ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ። ሁለት ሰዓት! ከዚህ ላይ ስልክ መፈለጊያው ስንቱን ይበላል? አምቡላንሱ እስኪመጣስ?

መንግሥት በ2000ዎቹ ዓመታት ለየወረዳው አምቡላንስ አድሏል፤ ያንን አንክድም። ይሁን እንጂ በየገጠሩ አምቡላንስ የሚጠራው እንዴት ነው? በሾፌሩ የግል ሞባይል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የቀበሌው ሊቀ መንበር የሾፌሩን ቁጥር ይይዛሉ፣ ይደውላሉ። ሾፌሩ ኔትወርክ የሌለበት ቆላ ከወረደ፣ ባትሪው ካለቀ ወይም ሥራውን ከለቀቀ ጥሪው እዚያው ይቀራል። ያን ጊዜ የሚደርሰው ያው ጎረቤት ነው። ቃሬዛ ተሸክሞ፣ እየተቀባበለ። ሕዝቡ የድርሻውን መቼም ቢሆን ነፍጎ አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አስልቶ ነበር። ከእነዚህ ስንቶቹ "አልደርስ ያለ ጥሪ" እንደገደላቸው ፈጣሪ ይወቀው።

ይህ ሁሉ ስልክ ሲኖር ነው። ስልኩ ራሱ ሲቆረጥስ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በየቦታው ተራው የስልክ ጥሪ ጭምር የጠፋበት ጊዜም ነበር። ከዚያ ቀደም ትግራይ ያየችው ደግሞ የባሰ ነው። መሥመር ሲቆረጥ የሚታፈነው ታጣቂው ብቻ አይደለም፤ ምጥ የያዛትም ታፍናለች። አምቡላንሱም ቢሆን ጥይት አልማረውም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ባወጣው ሪፖርት በአማራ ክልል በአምቡላንሶች ላይ የደረሰውን ጥቃት ዘርዝሯል።

ሕግ የለንም እንዳይባል በስልክ ጉዳይ ሕግ ሞልቶናል። በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 49 ወጣ። በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 761 ተከተለ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ሳፋሪኮምም በዚሁ በር ገባ። ቁጥር የሚመድበው፣ ፈቃድ የሚሰጠው ይኸው ባለሥልጣን ነው። ታዲያ ማንን እንጠይቅ? እሱን ነዋ!

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? በ1928 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። ጎረቤትየው ወደ እሳት አደጋ ቢደውል ቴሌፎነኞቹ ተራ አስጠበቁት። ሰውየው ተናድዶ ለጋዜጣ ጻፈ፤ ነገሩ ፓርላማ ድረስ ሄደ፤ በ1929 ዓ.ም. 999 ሥራ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. አንዲት እናት ሆቴል ውስጥ ስትገደል የዘጠኝ ዓመት ልጇ 911 ደጋግማ ደወለች። አልወጣላትም። የሆቴሉ ስልክ መጀመሪያ 9ን መጫን ይፈልግ ነበርና። የሟቿ አባት ዝም አላሉም፤ በ2010 ዓ.ም. በሟቿ ስም "የካሪ ሕግ" የተባለው ጸደቀ። ለአንዲት ትርፍ አሃዝ ሕግ ተሻሻለ! የእኛ ሕግ ለመሻሻል ስንት ሬሳ ይፈልጋል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ከየትኛውም ስልክ፣ ያለ ሒሳብም ቢሆን የሚደወልበት አንድ ቁጥር በሕግ ይወሰን። እጃችን ላይ ያለው ሞባይል እንደሆነ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ 112ን የድንገተኛ ቁጥር አድርጎ ያውቀዋል። የጎደለው የሚያነሣ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ቴሌም ሳፋሪኮምም ጥሪውን ለደዋዩ ቅርብ ወደሆነ ተረኛ፣ የደብረ ታቦሩን ወደ ደብረ ታቦር፣ ደዋዩ ካለበት ቦታ መረጃ ጋር እንዲያደርሱ ይገደዱ። ሦስተኛ፣ ጥሪው ስንት ሰዓት እንደገባ፣ አምቡላንሱ ስንት ሰዓት እንደወጣ ይመዝገብ፤ ለሕዝብም ይነገር። ያላነሣ ይጠየቅ። አራተኛ፣ የፈለገው አዋጅ ቢታወጅ ይህ ቁጥር አይዘጋ። ሌላውን ጥሪ አግዶ የድንገተኛውን ማሳለፍ ዓለም የሚሠራበት ቴክኒክ ነው።

"ድሃ አገር ነን" የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለኝ ይለናል፤ ያተረፈውንም በየዓመቱ ያበሥረናል። ከዚያ ትርፍ ላይ በየዞኑ ሌት ተቀን ስልክ የሚያነሡ ጥቂት ሰዎች መቅጠር ያቅታል ማለት ጨረቃን በእጅ መሸፈን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እንዲጨምር ያዛል።

ሕጉ ሰው ካለቀ በኋላ ቢወጣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ነው። ባለሥልጣኑም፣ ፓርላማውም፣ ክልሉም ዛሬ ማታ የምትደውለዋ ወላድ ነገን እንደማትጠብቅ ይወቁት።

ልብ ያለው ልብ ይበል!