የይፋግ ነጋዴና የዛሬው ወጣት አስመጪ

በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የምትገኘው ይፋግ ዛሬ አነስተኛ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ስሟ ከጎጃም እስከ ምጽዋ ወደብ የተሰማ ትልቅ ገበያ ነበረች። ከደቡብ የሚመጣው ቡናና ሰም ከቀይ ባሕር ከሚመጣው ጨርቅ፣ ዶቃና መርፌ ጋር የሚገናኘው በእንደዚህ ያሉ ገበያዎች ነበር። ከአፋር በረሓ የተቈረጠው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር። በዚያ ዘመን የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረ አይካድም፤ ይህ የታሪካችን ነውር ነው። ከዚህ በቀር ግን ከዚያ ነጋዴ የምንማረው ብዙ ነገር አለ።

ይህን የምናነሣው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። ትምህርታቸውን የጨረሱና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የያዙ ብዙ ወጣቶች፣ «ትንሽ ገንዘብ አለኝ፤ ከውጭ አገር ዕቃ ባስመጣ ይበጀኝ ይሆን?» እያሉ ስለሚጠይቁ ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ንግድን እንደ ዝቅተኛ ሥራ በመቍጠር ለሙስሊም ወገኖቻችንና ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ ትተነው የኖርንበት ዘመን ምን ያህል እንደ ጎዳን የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ያ «ትንሽ ገንዘብ» ብዙ ጊዜ የወጣቱ ብቻ አይደለም። አባት በሬ ሸጦ የሰጠው፣ እናትም የዕቁብ ዕጣዋን የጨመረችበት ነው። ስለዚህ ምክሩ የማበረታቻ ቃል ብቻ ሳይሆን ሒሳብም ሊኖርበት ይገባል።

የይፋግ ነጋዴ የሚጭነው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ስለ ነበረ፣ ከባሕር ዳር እህል ጭኖ አይመጣም ነበር። የሚመርጠው ክብደቱ ያነሰ፣ ዋጋው ከፍ ያለ፣ በአገር ውስጥ የማይሠራና ገዢው አስቀድሞ የታወቀ ዕቃ ነው፤ መርፌ፣ ኩል፣ የሐር ክር፣ መስተዋት። ትንሽ ገንዘብ ያለው የዛሬው አስመጪም እንደዚያው ባለበቅሎ ነው። ስኳርና ዘይት፣ ብረትና ሲሚንቶ በብዙ ሚሊዮን ብር ለሚነግዱ ሰዎች የሚሆን ጭነት ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ከትልልቆቹ ጋር እወዳደራለሁ የሚል ጀማሪ ገና ሳይጀምር ይሸነፋል።

ታዲያ ምን ያስመጣ? መልሱን በውጭ አገር የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በገዛ አካባቢው ይፈልገው። የፎገራን ሜዳ እንመልከት። ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ቀድሞ ይበልጡን በከብቱ የታወቀ ነበር። ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ግን ሩዝ ገብቶበት፣ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ተስፋፍቶ፣ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች ከተማ ሆናለች። በበጋ ደግሞ ገበሬው በውኃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርት ያለማል። እነዚህ ማሽኖች ኩሽኔታቸው ያልቃል፣ ቺንጊያቸው ይበጠሳል፣ ወንፊታቸው ይቀደዳል። ሽንኩርቱ ውኃ በሚጠማበት ሳምንት አንድ ሞተር በአንዲት ትንሽ ዕቃ ምክንያት ቢቆም፣ የገበሬው ጉዳት ከዕቃዋ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ለጀማሪ የሚሆነው የበቅሎ ጭነት ይህን የመሰለው ነው።

አንድ ወጣት ይህን ሥራ ሲያስብ አስቀድሞ ደብተር ይዞ ወደ ጥገና ቤቶችና ወደ መፈልፈያ ቤቶች ይሂድ። የትኛው የማሽን ዓይነት እንደሚበዛ፣ የትኛው ዕቃ በየስንት ጊዜው እንደሚለወጥ፣ በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ይጻፍ። ሩዝ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ግድም ነው። መፈልፈያው በሚጮኽበት ጊዜ ያልደረሰ ዕቃ እስከ ሚቀጥለው ዓመት መጋዘን ውስጥ ይተኛል፤ ገንዘቡም አብሮት ይተኛል። የጥንቱ ቅፍለት ተከዜ ሳይሞላ ለመሻገር ይጣደፍ እንደ ነበረ፣ የዛሬውም አስመጪ የመርከቡንና የወደቡን ጊዜ ቈጥሮ ከወራት በፊት ማዘዝ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ሒሳቡ ነው። አምስት ጓደኞች 200,000 ብር እያዋጡ 1,000,000 ብር አጠራቀሙ እንበል። የሚሊዮን ብር ዕቃ ቢያዝዙ ዕቃው ጉምሩክ ደርሶ በዚያው ይቀራል። ምክንያቱም ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 700,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ብቻ ቢያስመጡ፣ ቀረጡም ለምሳሌ ከመቶ 10 ቢሆን፣ 70,000 ብር ቀረጥ ይከፍላሉ። በሁለቱ ድምር ላይ ከመቶ 15 የተጨማሪ እሴት ታክስ 115,500 ብር ይሆናል። ከዚያም በጠቅላላው ላይ ከመቶ 10 ሱር ታክስ 88,550 ብር ይታከላል። ድምሩ 974,050 ብር ነው። ለወደብ፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለጉምሩክ አስተላላፊና ለሌሎች ክፍያዎች የሚቀረው 25,950 ብር ብቻ ስለሆነ እርሱም አይበቃም። የተጨማሪ እሴት ታክሱ ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ በሽያጭ ጊዜ የሚያካክሰው ቢሆንም፣ አስቀድሞ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ካለው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ብቻ ለዕቃ መግዣ ማዋል የፍርሃት ሳይሆን የብልህነት ምልክት ነው።

የምንዛሪም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በቀድሞው ዋጋ ገዝቶ «አተረፍሁ» እያለ የሸጠ ነጋዴ፣ በዚያው ገንዘብ የሸጠውን ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም። የይፋግ ነጋዴ አሞሌው ከጨው ሜዳው በራቀ ቍጥር ዋጋው እንደሚጨምር ስለሚያውቅ፣ ትርፉን የሚለካው በእጁ በያዘው አሞሌ ብዛት ሳይሆን መልሶ በሚጭነው ዕቃ ነበር። ትርፍ ማለት ዕቃውን ተክቶ የሚተርፈው ነው።

ሦስተኛው ነገር ደረጃ በደረጃ መሄድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዕቃውን ከመርካቶ አስመጪዎች በጥቂት በጥቂቱ ገዝቶ ወረታ ላይ መሸጥ ገበያውን በርካሽ ያስተምራል። ደንበኛ ከተገኘ በኋላ ከሚያምኑት ሰው ጋር በጽሑፍ ውል መተባበር ይገባል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ፣ የቤተሰብን ቤትና ከብት ከንግዱ ዕዳ ለይቶ መጠበቅ ይቻላል። ሆኖም ባለዕዳው ራሱ ቤቱን ለብድር ዋስትና ካስያዘ ሕጉ አያድነውም።

ስለ ባንክ መተማመኛ ሰነድም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ጀማሪዎች ባንክ ገብቶበታል ብለው ዕቃውን እንደ ተረከቡት ይቈጥሩታል። ባንኩ ግን የሚመረምረው ወረቀቱን ነው፤ ሣጥኑን አይከፍትም። ሰነዱ ከተስማማ ገንዘቡ ይከፈላል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ የተበላሸም ቢሆን። ስለዚህ ናሙና ሳያዩ፣ ሻጩን ሳይጠይቁ፣ የሚመረምር ሰው ሳያቆሙ ማዘዝ አይገባም።

በመጨረሻ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የፎገራ ሜዳ በጎንደር በኩል ወደ መተማ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚወስዱት መንገዶች መገናኛ ላይ ነው። በዚህ ስፍራ በሌሊት የሚያልፍ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ወጣቱን ያጓጓዋል። ዕቃው አንድ ጊዜ ቢያልፍ በሌላ ጊዜ ይወረሳል፤ የአባት በሬም አብሮ ይወረሳል። ሁለተኛው ፈተና የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ነው። ፈቃድ የሚሰጥ ወይም ቀረጥ የሚገምት ወጣት ሹም በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም አስመጪ ቢሆን፣ የሚነግደው በዕቃ ሳይሆን በተሰጠው አደራ ነው። መነገድ የሚፈልግ ሹም ወንበሩን ለቆ በግልጽ ይነግድ፤ ማንም አይነቅፈውም።

የይፋግ ነጋዴ ባንክ፣ ስልክና ደረቅ ወደብ አልነበረውም። ዛሬ ወረታ ሦስቱም አላት። ነገር ግን እርሱ ገዢውን በስሙ ያውቅ ነበር፤ በበቅሎው ዐቅም ይጭን ነበር፤ በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ ስለሚመጣ ቃሉን ይጠብቅ ነበር። ትንሽ ገንዘብ ይዞ የሚነሣ ወጣት እነዚህን ሦስቱን ከያዘ ገንዘቡ ያድጋል። እነዚህን ሳይዝ የሚነሣ ግን ገንዘቡ ብዙ ቢሆንም እንኳ ከወደብ አያልፍም።