«መቼ?» ብሎ መጠየቅ ይልመድብን

በሒሳብና በምሕንድስና ክፍል የምንማር ተማሪዎች ስለ ፉርዬ ተከታታይ ድምር ስንፈተን ብዙውን ጊዜ የምንጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በየሳይኑና በየኮሳይኑ ፊት የሚቆመውን ቁጥር በኢንቴግራል አስልቶ ማውጣት ነው። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ የእኩልነት ምልክት ይደረግና ነገሩ አለቀ ይባላል። እኛ ግን ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያ ምልክት ላይ ነው እንላለን። ድምሩ እየረዘመ ሲሄድ በእርግጥ ወደ ተባለው ፈንክሽን ይጠጋልን? የሚጠጋውስ መቼና እንዴት ነው? ይህ ሳይጠየቅ ቀመር መሸምደድ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ምክር ትቶ ሳይማሩ መጠምጠም ነው።

ጥያቄው የሥራ ፈት ክርክር አይደለም። ዦዜፍ ፉርዬ በ1807 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) ስለ ሙቀት መተላለፍ የጻፈውን ጥናት ለፓሪስ ሊቃውንት ሲያቀርብ፣ ማናቸውም ፈንክሽን በሳይንና በኮሳይን ድምር ሊገለጥ ይችላል አለ። ከመርማሪዎቹ አንዱ የነበረው ላግራንዥ ግን አልተቀበለውም። ፉርዬ በ1812 ሽልማት ቢያገኝም፣ ዳኞቹ ማረጋገጫው ጥብቅነት ይጐድለዋል ብለው ነቅፈውታል።

ማን ልክ ነበር? ሁለቱም ናቸው። ፉርዬ ባይደፍር መሣሪያው ባልተገኘ፤ የተጠራጠረ ባይኖር ደግሞ የመሣሪያው ወሰን ባልታወቀ። በ1829 ዲሪክሌ «ይጠጋል ወይስ አይጠጋም?» በሚለው ፈንታ «ምን ሲሟላ ይጠጋል?» የሚለውን መለሰ። ፈንክሽኑ በአንድ ዙር ውስጥ የሚወጣበትና የሚወርድበት ጊዜ፣ ዝላዩም ጭምር የተቆጠረ ከሆነ፣ ድምሩ ባልተቋረጠበት ሥፍራ ወደ ራሱ ወደ ፈንክሽኑ፣ በዝላዩ ላይ ደግሞ ወደ ግራና ቀኙ ዋጋ አማካይ እንደሚጠጋ አረጋገጠ።

አንዳንድ የምሕንድስና ወንድሞቻችን «በሥራ ላይ የሚያጋጥመን ሁሉ ይህን ያሟላል፤ ምን አስጨነቃችሁ?» ይሉናል። አብዛኛው እንደሚያሟላ እናምናለን። ነገር ግን ግማሹን ዙር 1፣ ግማሹን ደግሞ ከዜሮ በታች 1 የሆነውን የካሬ ሞገድ እንመልከት። ከዝላዩ አጠገብ ድምሩ ከ1 አልፎ እስከ 1.18 ገደማ ይወጣል። ሺህ ሳይን ብንጨምርበት ጉብታው ወደ ዝላዩ እየቀረበ ይጠባል እንጂ ቁመቱ ወደ 1 አይወርድም። እያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻው ይጠጋል፤ ሁሉም ባንድነት ግን አይጠጉም። ይህ ጉብታ የተገኘው የዲሪክሌን ሁኔታ በሚገባ በሚያሟላ ሞገድ ላይ መሆኑ ልብ ይባል!

«ፈንክሽኑ ካልተቋረጠ ይበቃል» የሚለውም ግምት አያዋጣም። ዱ ቧ ሬይሞን በ1873 ያልተቋረጠ ሆኖ ሳለ በአንድ ነጥብ ላይ ድምሩ የማይጠጋ ፈንክሽን አሳየ። በ1900 ፌዬር የከፊል ድምሮቹ አማካይ ቢወሰድ ያልተቋረጠው ፈንክሽን በሁሉም ነጥብ ባንድነት እንደሚገኝ አስረዳ። አማካይ ሳይወሰድ፣ ያልተቋረጠ ፈንክሽን ድምር ከሞላ ጐደል በሁሉም ነጥብ እንደሚጠጋ የተረጋገጠው ግን በካርልሶን እጅ በ1966 ነው። ከፉርዬ ጽሑፍ በኋላ 159 ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሊቃውንትን ያሠራ ጥያቄ ከፈተና ወረቀታችን ሊቀር አይገባውም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። መምህራን ከስሌቱ ቀጥሎ «ድምሩ የት ይጠጋል? የት አይጠጋም?» የምትል አንዲት መስመር ይጨምሩልን። እኛም በጥናት ጊዜ «መቼ?» ብሎ የሚጠይቀውን ጓደኛ እንደ ሰዓት አባካኝ አንቁጠረው። ዛሬ በወረቀት ላይ የእኩልነትን ምልክት ሳይጠይቅ የተቀበለ ተማሪ፣ ነገ በሥራ ላይ የሚሰጠውን ማናቸውንም ቀመር እንዲሁ ሳይጠይቅ ይቀበላል። ዩኒቨርሲቲ የገባነው ግን ለዚህ አይደለም።