የበጎቹ ጩኸት

ጣዖት ሲባል ብዙዎቻችን ከእንጨትና ከድንጋይ የተቀረጸ ምስል፣ አለዚያም በየዓመቱ ቡና እየተፈላ የሚደገስለት የቤት ውቃቢ ይታየናል። እነዚህን ጥለን ወደ ጌታ ስለመጣን ጉዳዩ እኛን የማይመለከት ይመስለናል። ነገር ግን የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ሳኦልም ለበኣል ሰገደ ተብሎ አልተጻፈበትም። ጠንቋዮችን ከምድሩ ያስወገደ ሰው ነበር። ሆኖም ነቢዩ ሳሙኤል እልከኝነቱን ከጣዖት አምልኮ ጋር ቆጠረበት (1ኛ ሳሙ. 15፥23)። ለምን?

በአማሌቅ ላይ የተሰጠው ትእዛዝ አንዳች እንዳያስቀር ነበር። ሳኦል ግን ንጉሡን አጋግንና ከመንጋው የተሻለውን አስቀረ፤ የማይረባውን አጠፋ። ልብ እንበል፤ ሳኦል ትእዛዙን ጨርሶ አልጣለም። የታዘዘው ግን ምንም በማያስከፍለው ነገር ነው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ከእኛ ፈቃድ ጋር በተስማማበት ቦታ ብቻ የምንታዘዝ ከሆነ፣ የታዘዝነው ለማን ነው? ለራሳችን አይደለምን?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰበቡ ነው። ሳሙኤል የበጎቹን ጩኸት ሰምቶ ሲጠይቀው፣ ሳኦል ሕዝቡ ለመሥዋዕት እንዳስቀሩአቸው ተናገረ። አለመታዘዙን አምልኮ አለበሰው። ይህ ልብስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሚዛን አጉድለን ካተረፍነው ላይ አሥራት እናወጣለን። በአባታችን ውርስ ከእህታችን ጋር ተካስሰን፣ ሰላምታ ነፍገናት፣ እሑድ እጃችንን ዘርግተን እንዘምራለን። አገልግሎታችን ሲደምቅ ሁሉ ደህና ይመስለናል። በጎቹ ግን ከኋላችን ይጮኻሉ።

በሳኦል ንግግር ውስጥ ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ። በዚያ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ለሳሙኤል ስለ እግዚአብሔር ሲናገር «አምላክህ» ይላል (ቁ. 15፣ 21፣ 30)። «አምላኬ» አይልም። ኅብረት ሲጎዳ እንዲህ ነው። ስሙን እንጠራዋለን፣ እርሱ ግን የፓስተሩ አምላክ፣ የእናታችን አምላክ ይሆንብናል። እኛ ልጅነትን ያገኘነው በክርስቶስ ጸጋ እንጂ በሥራችን አይደለም። ነገር ግን በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ የማይነጋገሩ አባትና ልጅ አላየንምን? አባትየው አልሄደም፤ ልጁ ነው ፊቱን ያዞረው።

ታዲያ የሳኦል ጣዖት ማን ነበር? ራሱ ተናዘዘ፤ ሕዝቡን ፈርቶ ነበር። በቀርሜሎስ ለራሱ መታሰቢያ አቁሟል። ኃጢአቱ ከተገለጠ በኋላ እንኳ የለመነው በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲከበር ነው። ከእግዚአብሔር ፊት ይልቅ የሰው ፊት ከበደበት። መጨረሻው ደግሞ ያሳዝናል። እግዚአብሔር በሕልምም በኡሪምም በነቢያትም አልመለሰለትም፤ እርሱም ራሱ ያስወገዳቸውን ጠንቋዮች ፍለጋ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ (1ኛ ሳሙ. 28)። ዛሬ የምንንቀው ጣዖት ነገ ደጁን የምንጠናው ሊሆን ይችላል።

ዳዊትም ወድቋል፤ ውድቀቱም በሰው ዓይን ከሳኦል የከፋ ነበር። ናታን ሲገሥጸው ግን ሕዝቡን አላመካኘም፤ ክብሩንም አልለመነም። በ51ኛው መዝሙር የለመነው ከእግዚአብሔር ፊት እንዳይጣል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኃጢአት ማነስና መብዛት አይደለም፤ አንዱ ስሙን፣ ሌላው አምላኩን ላለማጣት መጨነቁ ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ ዛሬ ጸሎታችን ደርቆብን ከሆነ ሌላ ጾም ከማወጃችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። እግዚአብሔር ተናግሮን «ይህቺን ብቻ» ብለን ያስቀረናት ነገር ምንድን ናት? ምናልባት የምንመልሰው ገንዘብ፣ የምንደውልለት ወንድም፣ የምናቋርጠው ግንኙነት ይሆናል። ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁም፣ እርሱ የሚፈልገው ከመንጋችሁ የተሻለውን ሳይሆን እናንተን ነው። የክርስቶስ ደም ከኃጢአት ሁሉ ያነጻል፤ በሩ አልተዘጋም። ሰበባችንን ጥለን እንመለስ።

ጌታ ይርዳን። አሜን።