በክረምት የማይጠና ወረዳ

የመካነ ኢየሱስን ኢኮኖሚ ማወቅ የሚፈልግ አጥኚ በየትኛው ወር ይምጣ? የተለመደው በበጋ ነው። መንገዱ ደርቋል፣ አዝመራው ገብቷል፣ ገበያው ሞልቷል፣ ገበሬውም ለጥያቄ ጊዜ አለው። በዚያ ሰሞን የተሞላ መጠይቅ ግን የሚናገረው ስለ ጥጋቡ ወራት ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው የልማት ምሁር ሮበርት ቻምበርስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ችግር በግልጽ አንስተውታል። ከከተማ የሚነሳ ባለሙያ ገጠሩን የሚጎበኘው በደረቅ ወር፣ ያውም የመኪና መንገድ እየተከተለ ነው። ድሃውን የሚከብደው ግን የዝናቡ ወቅት ነው። ጎተራ ይራቆታል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ በሽታ ይበረታል፣ የእርሻው ሥራም የሚጠናው ያኔ ነው።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። በበጋ የተከፈለው ገንዘብና እህል ሐምሌንና ነሐሴን ያሻግራል ወይስ አያሻግርም? ይህን በነሐሴ ጭቃ እዚያው ሆኖ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የክረምት የጥናት ልምምድ ወይም ኢንተርንሺፕ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የእስቴ ልጆች ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከእነርሱ መካከል ኢኮኖሚክስ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስና ጂኦግራፊ የሚያጠኑ አሉ። ቤት መከራየት አያሻቸውም፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል፣ የአገሩን አነጋገር ያውቁታል። ከሩቅ የሚመጣ ፕሮጀክት ይህን በገንዘብ አይገዛውም።

የጤና ትምህርት መንገዱን ቀድሞ አሳይቷል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ አሠልጥኗል። ለወረዳ ኢኮኖሚ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልተዘረጋም። ተለማማጁ ቢሮ ተቀምጦ ፋይል ያገላብጣል፣ የግምገማ ቅጹን አስሞልቶ ማኅተም አስመትቶ ይሄዳል። የመመረቂያ ጽሑፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የተጠናው ወረዳ አያነበውም።

በሌላ በኩል ወረዳው ቁጥር ተጠምቷል። በሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ መካሄድ ያለበት የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው የሕዝብ ብዛት በስሌት የተገመተ ነው።

በሁለት ወር ምን ይጠናል? ብዙ ነገር። በጉና ግርጌ የሚመረት አንድ ኩንታል ድንች ባሕር ዳር እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ ያልፋል? ማን ምን ያህል ያተርፋል? በነሐሴ እህል ለመግዛት በግ የሚሸጠው ስንት ነው? አዝመራ ሲደርስ በእህል ልክፈል ብሎ የሚበደረውስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ደብተር፣ እርሳስና የሚያርም መምህር ይበቃሉ።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ነው። በግጭት መካከል ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ሰው ከየአቅጣጫው ይጠረጠራል። የአንድን ተማሪ ሕይወት የሚያህል ጥናት የለም። ስለዚህ መንገዱ አስተማማኝ ወዳልሆነ ቀበሌ ማንም አይላክ፤ የተጠያቂ ስም አይመዝገብ፤ ጥያቄው ከገበያና ከእርሻ አይውጣ፤ የአገር ሽማግሌ ይወቀው። ይህ ካልተሟላ ይቅር። ነገር ግን ዝግጅቱ ዛሬ ካልተጀመረ፣ የመልሶ ግንባታ ገንዘብ የመጣ ዕለት እቅዱን የሚያወጣው የእስቴን ክረምት አይቶት የማያውቅ ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው የበጀት ጉዳይ ነው። «ተማሪው በነጻ ይሥራ፣ ልምድ ያገኛል» የሚሉ አሉ። ክረምት የእርሻ ወቅት መሆኑን ግን ረስተውታል። የድሃ ገበሬ ልጅ በሐምሌ ለጥናት ከወጣ ቤተሰቡ አንድ አራሽ ወይም አራሚ ያጣል። ልምምዱ በነጻ ከሆነ የሚገባበት የደኅና ቤተሰብ ልጅ ብቻ ነው፤ ረሃቡን ከውስጥ የሚያውቀው ከደጅ ይቀራል። ለአንድ የሆቴል ስብሰባ የሚወጣው ገንዘብ ስንት ተማሪ ለሁለት ወር ያሠራል? ኃላፊዎች ተቀምጠው ያስሉት።

የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከወረዳዎቹ ጋር ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልጋቸውም። ጥያቄውን ወረዳው ያቅርብ፣ ተማሪው የኪስ ገንዘብ አስቀድሞ ይከፈለው፣ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ መስከረም ላይ በወረዳው ምክር ቤት ፊት ይነበብ። የልምምዱ ውጤትም በማኅተም ሳይሆን፣ ወረዳው በቀጣዩ እቅዱ ከጥናቱ ምን ወሰደ በሚለው ይመዘን።