ከአዳራሹ በፊት ካርዷ ትስተካከል



ባለፈው እትማችሁ ስለ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ጎብኚ የጠፋው አዳራሾቹ ጠባብና ጨለማ ስለሆኑ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከአዳራሹ በፊት መስተካከል ያለባት ከእንስሳው እግር ሥር የምትቀመጠው ትንሽ ካርድ ናት።

ዓምና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ አንድ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ገጠር ያደገ ልጅ ከመስታወቱ ፊት ቆሞ ቀረ። «ቲቸር፣ ይቺ እኮ ቆቅ ናት!» አለኝ። ካርዷ ላይ ያለው የላቲንና የእንግሊዝኛ ስም ብቻ ነው። ከየት መጣች? መቼ? ምንም አይልም። ልጁ ግን ጎህ ሲቀድ ከማሽላው ዳር እንዴት እንደምትጮህ፣ እንቁላሏን ሣር ውስጥ እንዴት እንደምትሸሽግ፣ ስትደነግጥ ከመብረር ይልቅ መሮጥ እንደሚቀናት ይነግራቸው ጀመር። ጓደኞቹ ከበውት ቆሙ። አስጎብኚውም ጠጋ ብሎ አዳመጠ። አንድም ቃል የጻፈ ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካርድ ይህን ያህል ምን ያደርጋል ለሚል ሰው የሩስፖሊን ወፍ ላስታውስ። (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጣልያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ደቡብ ኢትዮጵያን ሲያስስ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ሳይንስ የማያውቃት አንዲት ተገኘች፦ አካሏ አረንጓዴ፣ ጉትያዋ ነጭ፣ ክንፏን ስትዘረጋ ቀይ። የት እንዳገኛት ግን አልጻፈም። በ1896 በስሙ ተጠራች፤ መኖሪያዋ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ ለተመራማሪዎች እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። ወፊቱ አልጠፋችም፤ በነገሌና በአሬሮ አካባቢ ጫካ ውስጥ ነበረች። እዚያ ከብት የሚጠብቅ እረኛ በስሟ ሲጠራት አንድ ሰው ቢጽፍለት ኖሮ ያ ሁሉ ዓመት ባልባከነ።

የነጭ ሳሯ ወፍ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ1990 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር ሞታ የበሰበሰች፣ በሌሊት ነፍሳት የምትለቅም ወፍ አገኙ። ሊያነሱ የቻሉት አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ያ ክንፍ ግን ከቦታው ጋር ተመዝግቦ፣ በ1995 አዲስ ዝርያ ለመሰየም በቃ። ዛሬ እንግሊዝ አገር ትሪንግ በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጧል፤ ወፊቱን በሕይወት ለማየት የሚመኙም ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ካርድ እንስሳው የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ የአገሬው ሰው በየቋንቋው የሚጠራበትንም ስም ይያዝ። ቀኑ የጠፋበት ካለ መጥፋቱ ራሱ ይጻፍ። ይህ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፤ ወረቀት፣ ቀለምና ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ይበቃዋል።

ተማሪዎቼ ቆቅ በየቤታቸው ምን እንደምትባል፣ የት የት እንደምትታይ ከወላጆቻቸው ጠይቀው በየወረቀቱ ጽፈው አምጥተውልኛል። ወረቀቶቹ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። የሚቀበለኝ ሙዚየም ካለ በማግስቱ ይዤ እመጣለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን